«አንተ» የተባለው ማን ነው? በቁስቋም ስለተሠራ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ

ሠሪ በገዛ ሥራው ላይ ሂስ ሲጽፍ ማየት የተለመደ አይደለም። ወይ ራሱን ያሞግሳል፣ ወይ ትሑት ለመምሰል ሥራውን ያለ አግባብ ያጣጥላል ተብሎ ይጠረጠራል። እኔም ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የደፈርሁት ስለ ጨዋታዬ ጥሩነት ወይም መጥፎነት ለመመስከር ሳይሆን፣ ጨዋታውን ስሠራ ከአማርኛ ጋር የገጠምሁትን አንድ ሙግት ለአንባቢያን ለማካፈል ነው። ሙግቱ በአንድ ቃል ላይ ነው፤ «አንተ» በሚለው።

«የኮምፒውተር ጨዋታ» ሲባል በጎንደር ያደገ የእኔ ዕድሜ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ በየግጥሚያው የሚከፈል ሒሳብ፣ ከኋላ ተደርድሮ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ። እዚያ የምንጫወተው ኳስ ነበር፤ ኳስ ደግሞ ቋንቋ አይፈልግም። «አንተ» የሚለን ቢኖር ከኋላችን የቆመው ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ተነሥ ለማለት።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ግን አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ያመጣው ጨዋታ ሌላ ነገር አሳየኝ። «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» ይባላል፤ ሉካስ ፖፕ የተባለ ሰው ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው። ተጫዋቹ አርስቶትስካ በምትባል ልብ ወለዳዊት አገር ድንበር ላይ የተቀመጠ የፓስፖርት መርማሪ ነው። ወረቀት ያያል፣ ማኅተም ይመታል፤ ማታ በደመወዙ ቤተሰቡን ሊያበላና ቤቱን ሊያሞቅ ይሞክራል፤ አይበቃውም። አንድ ቀን ባል ወረቀቱ ተሟልቶ ያልፋል፤ ተከትላው የመጣች ሚስቱ ግን አንድ ፈቃድ ይጎድላታል። እኔ መለስኋት። ተራኪ መጥቶ «ጨካኝ ነበር» አላለኝም፤ ማኅተሙን የመታው የራሴ እጅ ስለሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። በልብ ወለድ ላይ ስለ ተራኪና ስለ አንጻር ብዙ ተምሬያለሁ፤ ጥፋቱ ከገጸ ባሕርዩ ወደ አንባቢው እጅ ሲተላለፍ ያየሁት ግን ያን ሌሊት የመጀመሪያዬ ነበር።

እንዲህ ያሉት ሥራዎች «ኢንዲ» ይባላሉ፤ በትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ሳይሆን በአንድ ወይም በጥቂት ሰዎች ጉልበት የሚሠሩ ማለት ነው። ከእነሱም መካከል ከሥነ ጽሑፍ ተማሪ ዓቅም የማያልፉ አሉ። ክሪስ ክላይመስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ትዋይን የተባለ መሣሪያ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የፕሮግራም ትምህርትም ብዙ አይሻም። ጸሐፊው ገጽ በገጽ ይጽፋል፤ ከገጹ ላይ አንዱን ቃል መርጦ ወደ ሌላ ገጽ መንገድ ያወጣለታል፤ ተጫዋቹ ቃሉን ሲነካ ወደዚያ ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ አንድ ፋይል ብቻ ይሆናል፤ ፋይሉም በማንኛውም ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ቀላል አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ጨዋታዬ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይተላለፍ ነበር። የማላውቀው ልጅ አራዳ ላይ ሲጫወተው አይቼ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የሠራሁት አላልሁትም፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ የፊደል ስሕተት ነበር።

የጨዋታው መቼት ያደግሁበት ሰፈር፣ ቁስቋም ነው። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ቁስቋም ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ያለ ኮረብታ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠራችው ግቢ ፍራሹና የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ያሉበት። ስሙ እመቤታችን በስደቷ ጊዜ ካረፈችበት ከግብፁ ተራራ የመጣ ነው፤ በዓሉም ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ በዚህ ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ሕሙማኑን እንዲያይ ተጠርቶ በርና መስኮቱን ሁሉ እንደ ከፈተ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ እንዳጠነ፣ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ እንዳጠበ ጽፏል። በትልቅ ሰው አፍ «ከፈትሁ» ማለት ግን ብዙ ጊዜ «አስከፈትሁ» ማለት ነው፤ አማርኛችን ለዚህ «አስ» የምትል ቅጥያ አለችው። መቀርቀሪያውን የሳበው እጅ የማን ነበር? «መቀርቀሪያ» ብዬ የሰየምሁት ጨዋታ የዚያ እጅ ታሪክ ነው። ተጫዋቹ የግቢ አገልጋይ ነው፤ ከእልፍኙ ውስጥ የታመሙ ልጆች አሉ፤ በሩን ክፈት የሚል ትእዛዝ መጥቷል፤ ከፍቶ የሚገባ ሰው ደግሞ በሽታው ሊይዘው ይችላል።

የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «አንተ ከእልፍኙ በር ላይ ቆመሃል።» ዓረፍተ ነገሩን የራሴ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው። ዊል ክራውዘር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያና የዋሻ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1976 ገደማ በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት የዋሻ ጨዋታ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የዘውጉ ልማድ ተጫዋቹን በሁለተኛ መደብ እየጠሩ የቆመበትን ቦታ መንገር ሆነ። ክራውዘር ጨዋታውን የሠራው ለሴቶች ልጆቹ ነው ይባላል። የእንግሊዝኛው «ዩ» ሴት ልጆቹንም፣ የሥራ ባልደረቦቹንም፣ የማያውቀውን ሰውም እኩል ያቅፋል። አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ግሥ ላይ ቆም ብሎ መምረጥ ነበረበት፤ «ቆመሻል» ቢል ልጆቹ ይገባሉ፣ ወንዱ ሁሉ ከዋሻው ደጅ ይቀራል።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያቴ ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው። «እምየ፣ ጨዋታ ሠርቻለሁ» ስላት «በል እንግዲህ ተጫወት» አለችኝ። በአማርኛ ጨዋታ ማለት ወግም ነውና ወሬ ልነግራት የመጣሁ መሰላት። ስልኬን አውጥቼ አነበብሁላት፦ «አንተ ከእልፍኙ በር ላይ ቆመሃል።»

«ማን ነው እሱ?» አለች።

«አንቱ ነዎት፣ እምየ። የሚጫወተው ሰው ነው።»

«እኔን ነው አንተ የሚለው?»

ወዲያው አፌ ላይ አስተካከልሁት፤ «ከእልፍኙ በር ላይ ቆመዋል» ብዬ ቀጠልሁ። እንዲህ እያልሁ እስከ ሁለተኛው ገጽ ድረስ ሄድን። እዚያ ላይ የግቢው አጋፋሪ ብቅ ብሎ «አንተ! ና ወዲህ!» ይላል። ይህንን በአክብሮት ልለውጠው አልችልም፤ አጋፋሪ አገልጋይን «ይምጡ ወዲህ» አይልም። አያቴ ትንሽ አሰበችና «ቅድም በአክብሮት ትጠራኝ የነበርሁት ሴት የት ሄድሁ?» አለች። ስልኬን አጠፍሁ፤ ቡናው ቀረበ።

ሂሱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛው ጨዋታ ውስጥ ስልኩን የያዘው ሰውና በታሪኩ ውስጥ ያለው ገጸ ባሕርይ በአንድ ቃል ይጣበቃሉ፤ የዘውጉ ኃይል ሁሉ በዚህ መጣበቅ ላይ የቆመ ነው ማለት ይቻላል። በአማርኛ ግን ሁለቱ አይጣበቁም። ተጫዋቿ አንቱ ናት፤ አገልጋዩ አንተ ነው። ለተጫዋቿ ክብር ብሰጥ መቼቱ ይፈርሳል፤ መቼቱን ባከብር አያቴን እሰድባለሁ። ለአንድ ሰሞን ችግሩ የአያቴ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አብራኝ የምትማር አንዲት ልጅ ግን አምስት ገጽ ተጫውታ «ለወንድሜ ሰጠሁት፣ ለእሱ የተጻፈ ነው» አለችኝ። በነገሩ አልተቀየመችም፤ አድራሻውን አንብባ ደብዳቤውን ለባለቤቱ አደረሰች እንጂ።

የሞከርኋቸውን መድኃኒቶች ባጭሩ ልጥቀስ። መግቢያው ላይ «ወንድ» ወይም «ሴት» የሚል ምርጫ አስቀመጥሁ። ሰዋስዉን አዳነ፤ ታሪኩን ግን የቀበሌ ቅጽ አስመሰለው፤ ደግሞም ክብሩን አልፈታም። ቀጥሎ ሁሉንም በተደራጊ ግሥ ጻፍሁት፤ «በሩ ተከፈተ፤ ወደ ውስጥ ተገባ፤ ውኃ ተቀዳ»። ይህ ደግሞ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ከሁሉ የከፋው ግን በሩን የከፈተው እጅ እንደገና ጠፋ። እኔ የተነሣሁት ያንን እጅ ለመፈለግ ነበር። «እናንተ» የሚለውንም ሞክሬ በአንድ ቀን ተውሁት።

በዚህ መካከል የሌሎችን ሥራዎች ስመለከት ጉዳዩ ከጨዋነት ደንብ የጠለቀ መሆኑን ተረዳሁ። ፊንላንዳዊው አርቪ ተይካሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው «ባባ ኢዝ ዩ» የተባለ ጨዋታ አለ፤ ለቋንቋ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላየሁም። የጨዋታው ሕግጋት በሜዳው ላይ በቃላት ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ቃል እንደ ድንጋይ የሚገፋ ነው። ባባ የሚባል ነጭ እንስሳ አለ፤ ቃላቱ «ባባ ማለት አንተ ነህ» ስለሚሉ እሱን ታንቀሳቅሳለህ። ቃሉን ገፍተህ በ«ባባ» ፋንታ «ዓለት» ብታስገባ ዓለቱ ትሆናለህ። ይህ ሁሉ የሚሆነው የእንግሊዝኛው «ኢዝ» የማይለወጥ፣ በመካከል የሚቀመጥ አንድ ድንጋይ ስለሆነ ነው። ወደ አማርኛ ላመጣው ሞክሬ በወረቀት ላይ ሣልሁት። ማሰሪያው መጨረሻ ይሄዳል፤ ሄዶም አያርፍም፤ ነው፣ ናት፣ ነህ፣ ነሽ፣ ናቸው እያለ ይበተናል። አንዱ ድንጋይ አምስት ስድስት ድንጋይ ሆነ። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ይኖራል። እኔ ግን ያልተሠራ ጨዋታ አድርጌ ነው የማየው፤ «ነህ» የሚለውን ገፍቶ አውጥቶ «ነዎት» የሚለውን ሲያስገቡ የሜዳው ሰዎች ሁሉ ከመቀመጫቸው የሚነሡበት ጨዋታ ለእንግሊዝኛ የሚቻለው አይደለም።

በአገራችን የተሠሩት የታወቁ ጨዋታዎች ይህን ጥያቄ ገና አልነኩትም። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ ካቀረባቸው መካከል «ኩኩሉ» ከአሳዳጅ የምታመልጥ ዶሮ ሩጫ ነው፤ «ገበጣ» ደግሞ የምናውቀው የጠጠር ጨዋታ በስልክ። ሁለቱንም ተጫውቻለሁ፤ ገበጣው በተለይ ጊዜዬን በልቶታል። ሁለቱም አንድ ቃል ሳይነበብ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ ለሠሪዎቹ ይህ ገበያን የሚያሰፋ ብልህነት ነው፤ ልነቅፋቸው አይገባኝም። ይሁንና «ኩኩሉ» የሚለው ስም ለእኔ ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሰኝ፤ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ» ሲል ተደባቂዎቹ «አልነጋም» የሚሉበትን። ጥሪና መልስ ነው። ድምፁ በወጣበት አቅጣጫ ይፈለጋሉ፤ መመለስ መጋለጥ ነው። ዶሮዋ ወደ ስልኩ ገብታለች፤ መልሱ ግን ከውጭ ቀርቷል።

ወደ ጥሪና መልስ ካመራን ደግሞ ከእንቆቅልሽ የሚበልጥ የለንም። የሥነ ቃል መምህራን እንቆቅልሽን ከአጫጭር ዘውጎች መድበው ስለ ዘይቤው ይነግሩናል፤ ስለ አጠራሩ ግን ብዙ ሲባል አልሰማሁም። ጠያቂው ወንድ ፊት «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሴት ፊት «እንቆቅልሽ»። የዘውጉ ስም ራሱ በተቀማጩ ጾታ ይለወጣል። ተጠያቂውም «ምን አውቅልህ» ወይም «ምን አውቅልሽ» ብሎ ሲመልስ ጠያቂውን ለይቶ ይጠራል። መልሱ ካልተገኘ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ተጠያቂው ጎንደርን ወይም ደንቢያን ይሰጣል፤ ያኔ ነው ፍቺው የሚነገረው። እዚህ ላይ ማንም «አንተ የተባለው ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ምክንያቱም «አንተ» ባዩ ይታያል፤ ከምድጃው ማዶ ተቀምጧል፤ እንዲህ ብሎ የመጥራት መብት አለው ወይም የለውም። የእኔን ጨዋታ ያበላሸው «አንተ» የሚለው ቃል ሳይሆን ባዩ አለመታወቁ ነበር። ስልክ አያትን አንተ ሊል አይችልም፤ ሰው ግን እንደ ሰውነቱ ይችላል።

በዚህ መሠረት ጨዋታውን ከሥሩ ጻፍሁት። አሁን ተራኪዋ የግቢው አሮጊት ወጥ ቤት ናት፤ ሌሊት እሳት ዳር ተቀምጣ ታወራለች። ስለ አንዲት ልጅ ነው የምታወራው፤ በሩ ላይ ስለ ቆመችው ገረድ። ተጫዋቹ አድማጭ ነው። ይህን ይዤ ተመለስሁና ለአያቴ አነበብሁላት። በዚህ ጊዜ ያደረገችውን አልጠበቅሁም። ከበሩ ዘንድ ስንደርስ እኔ «ትክፈት ወይስ አትክፈት?» ብዬ ስጠይቃት፣ አያቴ ለእኔ አልመለሰችልኝም፤ ለልጅቱ ነገረቻት። «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ከመቀርቀሪያው አንሺ» አለቻት።

ነገሩ ወዲያው ወደ መጀመሪያ ሙከራዬ መለሰኝ። ትዋይንን ከማወቄ በፊት እንደ ክራውዘር ጨዋታ ተጫዋቹ ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲያስገባ አድርጌ ጀምሬ ነበር። አልሆነልኝም። አንዱ «በር ክፈት» ይላል፣ አንዱ «በሩን ክፈተው»፣ ሌላው «ልክፈት»፣ ሌላው «እከፍታለሁ»፤ አንዱ ፀሐይን በፀሐዩ «ፀ»፣ ሌላው በጸሎቱ «ጸ» ይጽፋል፤ ሀሌታውና ሐመሩ እንደዚሁ። እኔ ይህን ሁሉ የፕሮግራም ችግር አድርጌ ሰነዶች ማኅደር ውስጥ ዘጋሁት። ልብ ብዬ ብሆን ኖሮ ተጫዋቾቹ መልሱን ነግረውኝ ነበር። «ልክፈት» ያለው ፈቃድ እየጠየቀ ነው፤ «እከፍታለሁ» ያለው ራሱን ሰጥቷል፤ «ክፈት» ያለው ደግሞ ሌላ ሰው እያዘዘ ነው። አንዲት ተማሪ «እባክዎ በሩን ይክፈቱልኝ» ብላ ለኮምፒውተሩ መጻፏን አስታውሳለሁ፤ ያኔ ስቀንባት ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛው ጽሕፈት ተጫዋቹን በማንኛውም ስም አይጠራም። ተጫዋቹ ነው የሚጠራው። ልጅቱን አንቺ ይላታል፤ «ክፈቺ»፣ «ቆዪ»፣ «ሩጪ»። አያቴም ክብሯ አልተነካ፤ ወንዱም ሴቱም ከደጅ አልቀሩ። ሰዋስዋዊው ሙግት እዚህ ላይ አለቀ ቢባል ውሸት አይሆንም። ግን ሌላ ዕዳ አመጣ። በ«ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» ጥፋቱ የእኔ የነበረው እጄ ስለሠራው ነው። «ክፈቺ» ስል ግን እኔ አልገባም፤ የምትገባው እሷ ናት። ተጫዋቹን ከስድብ አድኜ ጌታ አደረግሁት። ብሩስ «ከፈትሁ» ያለውን ነቅፌ ተነሥቼ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በየስልኩ «አስከፈትሁ» እንዲል የሚያደርግ ነገር ሠራሁ። አንድ የክፍሌ ልጅ ጨዋታውን ሁለት ጊዜ ጨርሶ «ልጅቱ በሽታው ሳይይዛት የምታልፍበትን መንገድ አገኘሁ» ብሎ ሲነግረኝ ደስታው ደስ አላለኝም።

አንድ መምህር ሥራውን አይተው «ይህ ሥነ ጽሑፍ ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። በጊዜው የመለስሁት ስለ አንድምታ ነበር። ጎንደር የትርጓሜ አገር ናት፤ ሊቁ «አንድም» እያለ አንዱን ቃል ሁለትና ሦስት መንገድ ይወስደዋል፤ የእኔም ጨዋታ እንዲሁ ይቀራንፋል ብዬ ተከራከርሁ። አሁን መልሱን አልወደውም። ሊቁ «አንድም» ሲል የፊተኛውን አያፈርስም፤ ሁሉም ፍቺዎች በአንድ ጉባኤ አብረው ይቀመጣሉ። በጨዋታዬ ግን ተጫዋቹ «ክፈቺ»ን ሲነካ «ቆዪ» ይሞታል። ከአንድምታ ይልቅ ከችሎት ይቀርባል። አዳም ረታ «ሕጽናዊነት» ብሎ ታሪክን ከታሪክ የሚያያይዝበት መንገድም አንባቢውን እንደ ልቡ ያመላልሰዋል እንጂ ተመልሶ የማይገባበት በር አይዘጋበትም። መምህሩ ያነሡት ጥያቄ ግን አሁንም ተገቢ ይመስለኛል።

ሦስተኛውን ጽሕፈት ለአያቴ ያነበብሁላት በኅዳር ቁስቋም ማግስት ነው፤ ቤቱ ገና የድግስ ሽታ አለው። ከበሩ ስንደርስ ሁለቱን ቃላት ነገርኋት፤ «ክፈቺ» ወይም «ቆዪ»። «ቆዪ» ብትል አጋፋሪው መጥቶ ልጅቱን በግድ ያስገባታል፤ እንዲህ አድርጌ ነበር የጻፍሁት።

«አልልካትም» አለች።

«እምየ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለብዎት።»

«ለምን?»

መልስ አልነበረኝም። «ታዲያ ምን ታድርግ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከደጅ ትቀመጥ። ሲነጋ ይታያል።»

ያን ሌሊት አንድ ገጽ ጨመርሁ። ከ«ክፈቺ» እና ከ«ቆዪ» በታች በትንሽ ፊደል «ተቀመጪ» ይላል። የነካው ሰው ሦስት መስመር ያለው ገጽ ያገኛል፤ ልጅቱ ከበሩ ጎን ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች፤ ከውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ድምፅ ይሰማል፤ ወጥ ቤቷ ወሬዋን አቋርጣ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ከገጹ የሚወጣ መንገድ የለም። ጨዋታው የተበላሸ መስሏቸው የጠየቁኝ አሉ፤ አንዱም አስተካክሎ መልሶ ልኮልኛል፤ ከገጹ ሥር «ክፈቺ» የሚል ቃል ጨምሮበት። የእሱ ፋይል ከእኔው ይበልጥ እንደ ተሰራጨ ሰምቻለሁ።